የቤዝ ጊታር ፔዳል ሳይሞከር አይሸጥ

ክቡር አዘጋጅ፦

ጋዜጣዎ ስለ ጤፍና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ ስለ ስልክና ስለ መኪና መለዋወጫ ገበያ የሚያወጣውን ዘገባ እከታተላለሁ። በሙዚቃ እንጀራውን የሚበላ ሰው የሥራ ዕቃውን የሚገዛበት ገበያ ምን እንደሚመስል የሚናገር ጽሑፍ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። በጎንደር ከተማ በሰርግ፣ በሆቴል መድረክና በምርቃት ዝግጅት ላይ ቤዝ ጊታር በመጫወት 19 ዓመት ያሳለፍሁ ሰው ነኝና፣ ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ፣ ማለትም በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ ስለሚለውጠው ፔዳል፣ አሻሻጥና አመራረጥ የታዘብሁትን እንዲያትሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው ጥር የሆነ ነገር ነው። ከጥምቀት በኋላ ያለው የሰርግ ወቅት ለእኛ እንደ ገበሬ መኸር ነው፤ የዓመቱ የቤት ኪራይ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ይለቀማል። አብሮኝ ሲለማመድ የቆየ አንድ ወጣት ከሦስት ሰርግ ያገኘውን አጠራቅሞ ከአንድ ሱቅ የዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፅ የሚያሻክር፣ ፔዳል ገዛ። ካርቶኑ እንደ ታሸገ ነበርና ተከፍቶ እንዲሞክረው ቢለምን፣ ባለሱቁ «ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል፤ የምትገዛ ከሆነ ግዛ» አለው። ገዛ። በማግሥቱ በአንድ ድንኳን ውስጥ፣ ጨዋታው ሞቆ ሰው ሁሉ እስክስታ ሲወርድ፣ ልጁ ፔዳሉን ረገጠ፤ ያን ጊዜ ቤዙ ከመድረኩ ወርዶ የሄደ ያህል ጠፋ። ጩኸት አለ፤ ደረት የሚመታው ንዝረት ግን የለም። ከበሮው ብቻውን ቀረ፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ባልደረባችንም ገመድ የተነቀለ መስሎት ወለሉን ይመለከት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ልጁ ዕቃውን ይዞ ሲመለስ ባለሱቁ ምንም አልመለሰለትም፤ ከኋላው ግድግዳ ላይ ወደ ተለጠፈው ወረቀት ብቻ ጠቆመው፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

እውነቱን ለመናገር ባለሱቁ አልዋሸም፤ ፔዳሉም የተበላሸ አልነበረም። የተሠራው ለሊድ ጊታር ነው። የጊታር ወፍራሙ ገመድ፣ ኢ የምንለው፣ ጣት ሳያርፍበት ሲመታ በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የቤዙ ኢ ግን 41 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ባለአምስት ገመድ ቤዝ ከሆነ ደግሞ የቢ ገመድ ወደ 31 ይወርዳል። የጊታር ዲስቶርሽን የሚሠሩ ሰዎች የታችኛውን ድምፅ ሆን ብለው ይቀንሱታል፤ ወፍራም ድምፅ ሲሻክር ይደፈርሳልና፣ ጊታሩም ወደ ታች ወርዶ የቤዙን ቦታ እንዲጋፋ አይፈለግምና። በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ፔዳል እንኳ ድምፁን በሚያሻክርበት ክፍሉ ከ720 ኸርዝ (በሴኮንድ 720 ጊዜ መርገብገብ) ገደማ በታች ያለውን እየቀነሰ ነው የሚያጎላው። ይህ ለጊታር ጥበብ ነው፤ ቤዝን ግን ከነሥሩ ይነቅለዋል።

በእኛ ጨዋታ ደግሞ ጉድለቱ የባሰ ያስታውቃል። የአካባቢያችን የጭፈራ ዘፈን አብዛኛው በችክችካ የሚሄድ ነው፤ ቅኝቱ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ በአምስት ድምፅ የታጠረ ስለ ሆነ ቤዙ ብዙ ኮርድ እየቀያየረ አይዞርም፤ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ፣ ከከበሮው ጋር ተቆራኝቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይመላለስባታል። ያቺ ሐረግ ወፍራምነቷን ካጣች ዘፋኙ ምንም ቢያምር የጨፋሪው እግር የሚያርፍበት ያጣል። የባህል ባንዶች ቤዝ ክራርን ያስገቡት ይህን ቦታ ባዶ ላለመተው ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ከመግዛት በፊት መታወቅ አለበት እንጂ። ለቤዝ ተብለው ከተሠሩት የዲስቶርሽንና የኦቨርድራይቭ ፔዳሎች ብዙዎቹ ያልተነካውን ድምፅ ከሻከረው ጋር የሚያደባልቅ ማዞሪያ አላቸው፤ በቦስ ኦዲቢ 3 ላይ «ባላንስ»፣ በሌሎች ላይ «ብሌንድ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ማዞሪያው ወደ መካከል ሲመጣ የታችኛው ድምፅ በቦታው ይቆይና ሻካራው ከላዩ ይደረባል። የጊታር ፔዳል አስቀድሞ የገዛ ሰውም ቢሆን፣ እንደ ቦስ ኤልኤስ 2 ያለ መስመር ከፋይ ካገኘ፣ ድምፁን ለሁለት ከፍሎ አንዱን በፔዳሉ፣ ሌላውን በቀጥታ አሳልፎ መልሶ ሊያገናኛቸው ይችላል። ይህ ግን ሌላ ወጪ ነው። የኛ ልጅ ወጪውን ስላልቻለ ፔዳሉን ለአንድ ጊታር ተጫዋች በኪሳራ ሸጠለት፤ ጊታር ተጫዋቹ በየደረሰበት እያመሰገነው ይኖራል።

«ቤዝ ንጹሕ ይሁን እንጂ ኢፌክት ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ አከብራቸዋለሁ፣ ግን አልስማማም። በፔዳል ድምፅ የማሻከር ታሪክ የሚጀምረው ከቤዝ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ በቀረበ አንድ የአሜሪካ ናሽቪል ከተማ ዘፈን ላይ፣ ባለስድስት ገመድ ቤዝ ሲቀዳ ሚክሰሩ ውስጥ ብልሽት ነበረና ድምፁ ሻክሮ ወጣ፤ የስቱዲዮው ሰዎችም ብልሽቱን ወደዱት፤ ጊታር አምራቹ ጊብሰን በ1962 ማይስትሮ ፈዝ ቶን የሚል ስም ሰጥቶ ያን የመሰለውን ድምፅ በፔዳል መልክ ለገበያ አወጣው። እኛስ ብንሆን በበገናው አሥር አውታሮችና አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ መካከል ቁራጭ ቆዳ አስገብተው ያን የሚነዝር ወፍራም ድምፅ ያወጡ አባቶች ልጆች አይደለንም? በገና የጸሎት መሣሪያ ስለ ሆነ ከሰርግ ድንኳን ጋር አላነጻጽረውም፤ የምናገረው ስለ ጆሮአችን ነው።

ተሳስቶ መግዛት ቀድሞም ያስቆጭ ነበር፤ ዛሬ ግን የአንድ ወቅት ሥራ ይበላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አሜሪካ ውስጥ 100 ዶላር የሚያወጣ ፔዳል፣ ቀረጥና የአምጪው ትርፍ ሳይታሰብበት፣ ከ5,700 ብር ተነሥቶ ከ10,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ መንገድም ሲዘጋ ቆሞ እየጠበቀ እኛ ዘንድ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚጨምር አንባቢ ይገምተው። በዚህ ዋጋ ካርቶን አይቶ መግዛት ዕጣ እንደ መቁረጥ ነው።

ስለዚህ ብዙዎቻችን ውጭ አገር ያለ ዘመድ እናስቸግራለን፤ በዚህም መንገድ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የአንድ ባልደረባችን አክስት ከዋሽንግተን በሻንጣቸው ይዘውለት የመጡትን ፔዳል አዘዞ ባለ አንድ የልምምድ ቤት የከፈትን ዕለት የነበረውን ደስታ አልረሳውም፤ አዳፕተሩ ሶኬት ላይ ከተሰካ በኋላ የሸተተንን የተቃጠለ ፕላስቲክም አልረሳውም። አዳፕተሩ ለአሜሪካ መብራት፣ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነበር፤ የእኛ ግድግዳ 220 ቮልት ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቢሆን ኖሮ 100 ቮልት በሆነ ነበር። ዕድል ሆኖ የሞተው አዳፕተሩ ብቻ ነበር፤ አክስትየው ግን እስኪመለሱ ድረስ ነገሩ አልተነገራቸውም፤ አሁንም የሚያውቁት አይመስለኝም። ከዘመድ የሚያስመጣ ሰው አዳፕተሩ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ያስነብብ፤ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ካላለ እዚህ አገር አይሰካ።

ተተኪ አዳፕተር ፍለጋ ቅዳሜ ገበያ የሚወርድም ይጠንቀቅ። አብዛኛው ፔዳል የሚፈልገው 9 ቮልት ዲሲ ሲሆን፣ የመሰኪያው ውስጠኛ ቀዳዳ ኔጌቲቭ፣ የውጩ ቀለበት ፖዘቲቭ ነው። የዋይፋይና የሌሎች የቤት ዕቃዎች አዳፕተሮች ግን ብዙዎቹ የዚህ ተቃራኒ ናቸው፤ የ12 ቮልቱም ብዙ ነው። ጫፉ ልክክ ብሎ ስለሚገባ ሰው ይታለላል። የፔዳሉ ዋልታ ከመሰኪያው አጠገብ በትንሽ ሥዕል ይታያል፤ ሥዕሉን ከአዳፕተሩ ሥዕል ጋር ማስተያየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስለ ሚሊ አምፔሩ፣ ማለትም አዳፕተሩ መስጠት ስለሚችለው የኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን፣ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ፔዳሉ ከሚጠይቀው በላይ መስጠት የሚችል አዳፕተር ጉዳት የለውም፤ ያነሰ ከሆነ ግን፣ በተለይ ብዙ ኃይል የሚበሉት ዲጂታል ፔዳሎች ይንጫጫሉ ወይም ጨርሶ አይነሡም።

ያገለገለ ዕቃ ሽያጭን በተመለከተ ራሴም ንጹሕ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ያረጀ ኦክታቭ ፔዳል ለአንድ ተማሪ ሸጥሁ። ኦክታቭ የተመታውን ድምፅ አንድ እጥፍ ወደ ታች አውርዶ አብሮ የሚያሰማ ነው፤ በቤዙ ቀጫጭን ገመዶች ላይ ኪቦርድ የመሰለ ክብ ድምፅ ያወጣል። ከኤ ገመድ ወደ ታች ሲወርድ ግን የእኔው ፔዳል እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገድ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ገዢው በላይኞቹ ገመዶች ብቻ እየሞከረ ፊቱ ሲበራ አይቼ ዝም አልሁ። በሳምንቱ መጥቶ «ጋሼ፣ ታች ስወርድ ይንተባተባል» አለኝ። ገንዘቡን መለስሁለት፤ እፍረቱ ግን አልተመለሰም።

ጠባዩ የዚያ አንድ ፔዳል ብቻ አልነበረም። የኢ ገመድ 41 ኸርዝ ነው ብያለሁ፤ ኦክታቭ ሲያወርደው በግማሽ ስለሚከፈል 20 ኸርዝ ገደማ ይሆናል፤ ይህም የሰው ጆሮ መስማት የሚያቆምበት ዳርቻ ነው፤ በሆቴሎቻችን ያሉት ስፒከሮችም ያን ያህል አይወርዱም። ቦስ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ኦሲ 2 እስከ ዛሬ በቤዝ ተጫዋቾች ዘንድ በጣም የሚፈለግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተካው ኦሲ 3 ለቤዝ የራሱ መግቢያ ተሰጥቶታል። የትኛውንም ቢሆን የሚገዛ ሰው ከታች ጀምሮ፣ ድምፅ በድምፅ፣ ወደ ላይ እየወጣ ይሞክረው፤ ዕቃው የት ላይ መያዝ እንደሚጀምር በጆሮው ያውቃል፤ ዋጋም በዚያ ይከራከራል።

ያገለገለ ፔዳል ለመግዛት የሚሄድ ሰው የራሱን ቤዝና የራሱን ገመድ ይዞ ይሂድ፤ ሻጩ «የእኔ ገመድ ነው የሚያንኮሻኩሸው» የሚልበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ማዞሪያዎቹን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ያዙራቸው፤ ጃኩን ሰክቶ በቀስታ ያነቃንቀው፤ መርገጫውን አሥር ጊዜ ይርገጠው። የባትሪውን ክዳን መክፈትም አይርሳ፤ ያረጀ ባትሪ ፈስሶ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካስቀመጠ ውስጡም ተበልቶ ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ፣ አብዛኛው ፔዳል ባትሪውን የሚያበራው የመግቢያው ጃክ ስለ ሆነ፣ ተጫውቶ ሲጨርስ ገመዱን ሳይነቅል የሚተኛ ሰው ጠዋት የሞተ ባትሪ ያገኛል፤ «ፔዳሉ ኃይል ይበላል» ተብሎ የተሸጠ ጤነኛ ዕቃ አውቃለሁ።

ወጣቶች «መጀመሪያ የትኛውን ልግዛ?» ሲሉኝ መልሴ ብዙ ጊዜ ያሳዝናቸዋል፤ ድምፁን የማይቀይር የሚመስለውን ነውና የምነግራቸው። በከተማችን ባሉ ብዙ መድረኮች የቤዝ አምፕ የለም፤ ቤዙ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ይሰካል። ያለ ባትሪ የሚሠራ ቤዝ 1 ሚሊዮን ኦም (ኦም ኤሌክትሪክን የመቋቋም መለኪያ ነው) ያህል መግቢያ ይፈልጋል፤ የሚክሰሩ ተራ መግቢያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሺህ ኦም ቢሆን ነው። ስለዚህ ድምፁ ይከሳል፣ ይደነዝዛል፤ ተጫዋቹም ጥፋቱን በገመዱ ወይም በጣቱ ያመካኛል። ቤዙንና ሚክሰሩን የሚያስማማው ዲ አይ፣ ማለትም በቀጥታ ሚክሰር ላይ የሚሰካ መውጫ፣ ያለው ፕሪአምፕ ነው፤ የቴክ 21 ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር በዚህ ስሙ የተጠራ ነው፤ ቤሪንገር ቢዲአይ 21 ዋጋው ከእርሱ ብዙ የወረደ ነው። ይህ ዕቃ ድምፁን በማይክራፎን ገመድ ስለሚያወጣ ረጅም መንገድ ሲሄድ እንደ ተራው ገመድ ጫጫታ አይለቅምም። በጄኔሬተር የሠራ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ኮምፕረሰር ይመጣል፤ በአንዱ ምት የጮኸውን፣ በሌላው የደከመውን ያስተካክላል፤ በችክችካ ላይ ጣት ሲደክም አይሰማም። ገመድ የሚቃኙበት ቲዩነርም ያስፈልጋል፤ ስትረግጠው ድምፅ ስለሚዘጋ በሙሽሮች ፊት ገመድ እየጎተቱ ከማላዘን ያድናል። ማሲንቆ ካለበት ባንድ ጋር የሚጫወት ደግሞ የመነሻውን 440 ኸርዝ መቀየር የሚቻልበትን ይምረጥ፤ አዝማሪ የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው እንጂ በእኛ መብራት ልክ አይደለም። አንዱን ድምፅ እንደ ብዙ የሚያስመስለውን ኮረስና ማስተጋባት የሚጨምረውን ሪቨርብን ግን ለመጨረሻ እተዋቸዋለሁ። የሲሚንቶ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ራሱ ሪቨርብ ነው፤ በላዩ ላይ ሌላ ሲጨመርበት ምቱ ይጠፋል። የሮሃ ባንዱን ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮን በካሴት እያዳመጥን ያደግን ሰዎች ቤዝ እያንዳንዱ ምቱ ተለይቶ ሲሰማ ምን ያህል እንደሚያምር እናውቃለን።

ቤቱ ሆኖ በጆሮ ማዳመጫ ለሚለማመድ ተማሪ የተለየ ምክር አለኝ። እንደ ዙም ቢ1 ፎር ያለ ብዙ ኢፌክት በአንድ ላይ የያዘ ዕቃ ይበቃዋል፤ ቲዩነሩም አብሮ የሚለማመዱበት የከበሮ ምቱም ውስጡ አለ፤ በአራት ትንንሽ ባትሪዎች ስለሚሠራ መብራት በጠፋ ማታም አያቆምም። የትኛውን የኢፌክት ዓይነት እንደሚወድ በእርሱ ላይ ይወቅ፤ ከዚያ በኋላ ነጠላውን ፔዳል ይግዛ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦም የመግዛት መብት እንዳለው ይናገራል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ ለአንድ የሰርግ ቤት ቤዝ ተጫዋች በቂ መረጃ አይደለም፤ የፔዳል በቂ መረጃው ድምፁ ነው። ፒያሳ ላይ ስልክ ሲሸጥ ካርቶኑ ተከፍቶ፣ ሲም ገብቶበት፣ ተደውሎበት፣ ካሜራው ተነሥቶበት ነው ገንዘብ የሚቆጠረው፤ ስልኩ ስለ ተከፈተ ዋጋው አልወረደም። የሙዚቃ መሣሪያ ሻጮች ይህንኑ ልማድ ቢይዙ ምን ይጎድላቸዋል? ከየዓይነቱ አንድ ክፍት ናሙና፣ ትክክለኛ አዳፕተር፣ አንዲት ትንሽ አምፕና አንድ ቤዝ ጊታር መደርደሪያው አጠገብ ይቀመጥ፤ ፔዳሉ ለጊታር ይሁን ለቤዝ የተሠራ በአማርኛ ይጻፍበት፤ ደረሰኙም ላይ የዕቃው ሙሉ ስም ይስፈር፤ «ኢፌክት 1» ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ ለማንም አይጠቅምም። የግድግዳውን ወረቀት አንሡ አልልም፤ ዕቃው ተሞክሮ የተሸጠ እንደ ሆነ እኔም ከሻጩ ጎን እቆማለሁ።

ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ሆኖ የሚሞከርበት ቤዝ የሌለው ባለሱቅ ቢኖር፣ ሁለተኛ ቤዜን ከነገመዱ ላውሰው ዝግጁ ነኝ፤ ገመዶቹ አዲስ አይደሉም፣ የኢ ገመዱ ግን በደንብ ይነዝራል። ለጥር ሰርግ ብቻ ይመልስልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቤዝ ጊታር ተጫዋች
ከጎንደር